ማጅራት

ከቴዎድሮስ አደባባይ በታች፣ ከፖስታ ቤት በላይ፣
ሁለት ወንበር አለኝ፣ ቸርችል ቁልቁለት ላይ፤
ግድግዳዬን የያዘ አንድ ትልቅ መስታወት፣
አንዲት ደግሞ ትንሽ፣ እጀታዋን በፕላስተር የጠገንኳት።

ሰው ሰውን በፊቱ ለይቶ ሲያስታውሰው፣
እኔ ቆሜ ከኋላ፣ በማጅራቱ ነው የማውቀው ሰው።
ታክሲ ሰልፍ መሃል ጀርባውን የሰጠኝ፣
ስሙ ቢጠፋብኝም አንገቱ አይጠፋኝ፤
የድሮ ቡግንጅ ጠባሳ፣ የክታብ ክር ሰንበር፣
ባለቤቱ ዝም ሲል እሱ የሚናገር።

«አንገት የተሠራው ዞሮ ለማየት ነው» ይባላል፤
የራሱን ጀርባ ግን የትኛው አንገት ዞሮ አይቶታል?

ጋሽ ይርዳው፣ የቴምብር ክፍሉ፣ ጡረታቸው የደረሰ፣
ከረባታቸው የጠበቀ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣
ቅዳሜ ማለዳ ከሰው ሁሉ ቀድመው፣
ኮታቸውን ሰቅለው ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

አንድ ቅዳሜ ኮሌታቸውን ወደ ውስጥ ሳጥፈው፣
ጥላሸት የመሰለ መስመር አየሁ፣ አንገታቸውን ዙሪያውን የያዘው፤
ሲነኩት ወፈር ያለ፣ እንደ ከፋይ የለሰለሰ።
ጥጥ በስፒሪት ነክሬ አሸሁት፤ ጥጡ ነጭ እንደሆነ ተመለሰ።
ደግሜ አሸሁት።
ነጭ።

በመስታወቱ ውስጥ ዓይኔን አይተው አፈሩ፤
«ባለቤቴም ይኸው ነው» አሉ «የማታ የማታ ነገሯ፣ ነገሩ።
በድንጋይ ፈትጌዋለሁ፣ በሎሚ፣ በልብስ ሳሙና፤
አልለቅ አለኝ እንጂ፣ እኔስ ንጹሕ ሰው ነኝና።»
በሽር፣ ረዳቴ፣ ወለሉን እየጠረገ ፈገግ አለ።
እኔ አልሳቅኩም። ያን ሳቅ ድሮ ስቄዋለሁ፤ ዋጋውም ተከፈለ።

የወንድሜ የክንዱም ማጅራት ልክ እንዲህ ጠቁሮ፣
«ትራስህ ከሰል ነው?» እያልኩ ስቀልድበት ድሮ፣
በርበሬ በረንዳ ሙሉ ይስቅ ነበር፣ እሱም አብሮ ስቆ፤
ስኳሩ ከውስጥ ሆኖ ሥሩን ሲልሰው፣ አርቅቆ አርቅቆ።
መጀመሪያ ጥማት። ቀጥሎ የግራ እግሩ አውራ ጣት።
ቀጥሎ እስከ ጉልበት።
ጥቁር አንበሳ ኮሪደር ላይ አንዲት ሐኪም፣ ወጣት፣
«ይኼ አንገቱ ላይ ያለው» አለችኝ፣ እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ስታወርድ፣
«ስንት ዓመት ቀድሞ የመጣ ደብዳቤ ነው። እንዴት ይጠፋል የሚያነብ አንድ?»

አንድ የሚያነብ ነበር።
በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ምላጭ በእጁ፣ ብርሃን በደጁ።

ማጅራት መቺ ስንል ጨለማ ጠባቂ ይመስለናል፤
ይኼኛው ግን መጣሁ ብሎ፣ ቆዳ ላይ ጽፎ ይልካል።

ትንሿን መስታወት ከኋላቸው ያዝኩ፤
«ጨረስን» ለማለት ነው ሁልጊዜ የምይዛት፤ ያን ዕለት ግን አልጨረስኩ።
«ይዩት» አልኩ። «እድፍ አይደለም ጋሼ፣ ውሃ አይደርስበትም።
ሰኞ ምንም ሳይቀምሱ ደምዎን ያሳዩ። ሌላ አልልም።»

ፊታቸው ማኅተም እንዳላረፈበት ቴምብር ዝም አለ።
«አንተ» አሉ «ጠጉር ቆራጭ ነህ።» ከዚያ በላይ ቃል የለ።
ግማሹ ያልተስተካከለ አንገት፣ ኮሌታው ተነሳበት፤
መልሳቸውን ሳይቀበሉ ወጡ፣ ዝናቡን ገቡበት።

ሐምሌ አለፈ። ነሐሴ በቁልቁለቱ ጎርፍ ሆኖ ወረደ።
አንዳንድ ቅዳሜ በማዶ ያ ኮሌታ ሲያልፍ፣ ዓይኔ ተከትሎት ሄደ።

ጥቅምት ሲገባ፣ ብርዱ መስታወቱን ሲያደበዝዝ፣
በሩን ገፉና ገቡ። ኮሌታቸውን ራሳቸው አጠፉ፣ ያለ ትእዛዝ።
ከኮቱ ኪስ የቀጠሮ ካርድ ጫፍ ብቅ ብሏል።
«እህ» አሉ፣ «ለቅቋል?»
«አልለቀቀም» አልኩ። «ትንሽ ግን ሳስቷል።»
እውነት ይሁን ማባበያ እኔም አላውቅ፤ አምፖሉ ደክሟል።

ስቆርጣቸው የክንዱን ነገር አንድ በአንድ አወጋሁ፤
ስጨርስ ተነስተው መስታወቷን ከእጄ ሲወስዱ፣ ዝም ብዬ አየሁ።
«ያንድ እናት ልጆች ናችሁ?»
«አዎን።»
«እንግዲያ ዙር፤
ያንተንስ ማነው የሚያይልህ፣ የሰው ማጅራት ስታይ ስትኖር?»

ዞርኩ። ኮሌታዬን ዝቅ አደረግኩ።
በሽር መጥረጊያውን አቆመ።
ጋሽ ይርዳው መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ቀረቡ፤
ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ሞቀ፤
ረጅም ጊዜ አነበቡ።