ምላጭ

ሄርማታ ገበያ፣ ከልብስ ሰፊው ደጃፍ፣
ፎቶ ቤት ነበረን፣ ወርዱ አንድ ምንጣፍ።
አባቴ ያነሳል፤ እኔ እቀባለሁ፣
ዳመና ጠርጌ ፀሐይ አወጣለሁ።

በጥቁርና ነጭ ጅማ ሁሌ ሐምሌ ነው፤
አዌቱም አመድ ነው፣ ድልድዩም አመድ ነው፣
ሙዝ ተሸካሚው ሰው፣ ሙዙም ጭምር አመድ።
በስንጥር ጫፍ ጥጥ ጠቅልዬ፣ በምላሴ አርሼ፣
ከቢጫው ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ቀንሼ፣
ጣሪያው ላይ ስነካው፣ ግንቡ ላይ፣ ከመንገድ፣
መስከረም ይጠባል።

ደንበኛው ይወዳል። ስሙኒ ጨምሮ
ከሐምሌው ይወጣል፣ ፊቱ ተቀይሮ።
የሟች ወንድሙን ጉንጭ ቀይ ቀለም ቀብቼ
ስሰጠው የሳቀም አውቃለሁ አይቼ።

አንድ ቀን ሲቲና አባ ኦሊ መጣች።
ከመሐረብ ቋጠሮ ፎቶ ፈትታ አወጣች፤
መዳፍ የማትሞላ፣ ጠርዟ የተበላ።
ከሱቅ በረንዳ ላይ እሷ አለች፤ ከኋላ
አንድ ወጣት ቆሟል፣ ኮቱን አንጠልጥሎ፣
ካሜራውን ሳይሆን ዝናቡን አስተውሎ።
«ቀለም አድርጊበት» አለችኝ፣ ሌላ የለም።
እኔም አልሰሰትኩም የጠርሙሴን ቀለም፤
ሰማዩን ሰማያዊ፣ በሩን አረንጓዴ፣
ያንን ሁሉ ኩሬ አደረቅሁት ባንዴ።
ለሻሿ ብርቱካን፣ ለኮቱ ቡናማ፤
እንዲህ አላማረች በበዓልም ጅማ።

በሦስተኛው ቀን መጣች። ብርሃን ፈልጋ
ደጃፉ ላይ አየችው። ቆየች።
«ያምራል» አለች።
ደግሞ ቆየችና፣
«ታዲያ ለምን ቆምን?

ዝናቡን ካጠፋሽው፣ ምን አስቆመን እዚያ?
እኔ የጅሬን ልጅ፣ እሱ የሰቃ ሰው፣
ያ ዝናብ ባይዘጋን ማን ሊያገናኘን ነው?»

ያባቴን ምላጭ ከመስታወቱ ሥር አነሳሁ።
ሰማዩን ፋቅሁት፣ እጄን አቅልዬ።
ሁሉም አልለቀቀም። ቀለሙ ሲላጥ
ነጭ ጭረት ወጣ፣ ቀጭን፣ ዘመም ያለ፣
አንዱ ካንዱ ኋላ የተከታተለ፣
ከሰማዩ ጀምሮ እስከ ሻሿ ድረስ።
አበላሸሁት ብዬ ላቤ መጣ።
እሷ ግን ጎንበስ ብላ ታያለች፣ ትንፋሿን ይዛ።
በሩ ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ፤
«በሩን ተይው» አለች፣
«ያኔም አረንጓዴ ቢሆን ደስ ባለኝ።»

ከፍላ ወጣች።
ውጭ ፀሐይ ነው፣ የጥቅምት ፀሐይ፣ አናት የሚበሳ።
ፎቶዋን ከነጠላዋ ሥር ሸጉጣ
ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገችና
ገበያውን በጥግ በጥጉ፣ ከጣሪያ ጣሪያ ሥር፣
ሮጥ ሮጥ እያለች ሄደች።