የነፋሱ ድርሻ

ሌዝብሪጅ፣ አልበርታ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣
ነፋስ ከተራራው ወርዶ እንደ አራጣ አበዳሪ ደጅ ሲያንኳኳ ሲውል፣
የትምህርት ቤቶች የርዝመት ዝላይ ቀን ነው፤
እኔ ከሜዳው ዳር፣ በታጣፊ ወንበር፣ ሥራዬ ነፋስ መቁጠር ነው።
ልጄ «አባባ ነፋስ ይቆጥራል» ብትላት ለአስተማሪዋ፣
ሥራ ፈት መሰልኳት መሰል፣ በሐዘኔታ ሆነ ሰላምታዋ።

በሰከንድ ሁለት ሜትር፤ ወሰኑ እሱ ነው።
ከዚያ በላይ ከሆነ ከኋላ የገፋው፣
ዝላዩ ዝላይ ነው፣ ሜዳሊያም ያሰጣል፤
ከክብረ ወሰኑ መዝገብ ግን ይወጣል።

ስንቱን አሰብኩት እዚህ ወንበር ላይ!
ያን ባለ ፎቅ፣ ያን ባለ ሹመት፣ ያን «በላቤ ነው» ባይ፤
ከጀርባው ብትቆም ይህች ትንሽ መሣሪያ፣
ስንት ታነብ ነበር? የአያት ርስት፣ የአጎት ስልክ፣ ተፎካካሪ የሌለው ገበያ።
ላብ የለም አላልኩም። ላብ አለ፤ አይቻለሁ።
ግን ላብን የሚያደርቀው ነፋስ ነው፤ እሱን እቆጥራለሁ።

የፊት ነፋስ ሲሆን መሣሪያዬ «ሲቀነስ» ይላል፤
ለተቀነሰበት ግን ማን ይደምርለታል?
ሕጉ ዝም ብሏል።

ጥርሳም ብረት ይዞ አሸዋ የሚያስተካክል
ታኬኦ ኒሺሃማ ነው፤ ያን ዓመት ሰማንያን የነካ ይመስል፣
ልጅ ዘሎ ሲነሣ እሱ ጎንበስ ይላል፣
ተረከዝ የጻፈውን በሦስት ምት ይፍቃል።
«አያሳዝንህም?» ብለው፣
«ቀጣዩ ልጅ መጥቷል» አለኝ፤ መልሱ ይኸው ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ የእንቁላል ሳንድዊቹን ለሁለት ከፍሎ፣
ነገረኝ፦ በአሥር ዓመቱ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ «ፊትህ የጠላት ነው» ተብሎ፣
ከባሕሩ ዳር በባቡር፣ በነፍስ ወከፍ አንድ ሻንጣ፣
ወደዚህ፣ ወደ ስኳር ቀይሥር እርሻ፣ ከነቤተሰቡ እንደመጣ፤
የአባቱ ጀልባ እንደተሸጠ፣
ማን እንደገዛው ሳይሰሙ፣ ሒሳቡም እንደቀለጠ።
ማታ ማታ፣ ሥራ ሲያልቅ፣ የመስኖውን ቦይ ይዘል ነበር፣
የሚያጨበጭብ ሳይኖር፣ ከጭቃው በቀር የሚፈርድ ሳይኖር።
«ስፋቱ ስንት ነበር?»
«እኔ እንጃ። ያልተሳካልኝ ለት ሱሪዬ ይረጥባል፣
እናቴ ትቆጣለች። መዝገቤ እሱ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ማርሊስ ፍሪሰን ተነሣች።
ጣውላውን ስትመታ ሜዳው ሰማት፤
አየር ላይ ቆየች፣ ደግሞ ቆየች፤
እግሯ ካረፈበት ማንም ሴት ልጅ በዚያ ሜዳ አላረፈችም።
ስታርፍ ግን ከኋላዋ አንዲት ጣት
አሸዋውን ነካች፤ የወፍ ምንቃር ያህል፣ ከመጤፍ የማትቆጠር ምልክት።
ዳኛው ጣውላው ላይ አፍጥጧል። እኔ አየሁ። ታኬኦ አየ።
ብረቱ በእጁ ነው። አንድ ምት ብቻ! አልጫረም፤ ቆየ፤
ከዚያ በእጀታው ጫፍ የጣቷን ዳና አሳየ።

በርዝመት ዝላይ የሚለካው እግር የደረሰበት አይደለም፤
ወደ ኋላ የቀረው ነው፣ ለጣውላው የቀረበው፤ ሌላው አይቆጠርም።
አርባ ሳንቲሜትር ሄደ። አሠልጣኟ ጮኸ፤ እሷ ዝም አለች፣
ጎንበስ ብላ ያቺን ቀዳዳ አየቻትና «የእኔ ናት» አለች።
ነፋሱን ጻፍኩ፦ አንድ ነጥብ ዘጠኝ። ሕጋዊ።
ሦስተኛ ወጣች።

ማታ ሰው ሲበተን፣ ነፋሱ ፊቱን ሲያዞር፣
ታኬኦ በባዶው አሸዋ ላይ፣ በእጀታው፣ አንድ መስመር
አሰመረ፤ ዐይኑን ጨፍኖ ትንሽ አሰበና
ራቅ ብሎ ሌላ ደገመ።
«ቦዩ ይህን ያህል ይመስለኛል» አለ።
ልለካለት ፈለግሁ። ሜትሩ
በዳኛው መኪና ሄዷል።
መሣሪያዬ ግን ገና አልጠፋም ነበርና፣
ከቅጹ ግርጌ፣ ከመጨረሻዋ ልጅ ስም ሥር፣ ሞላሁ፦
ስም፦ ኒሺሃማ።
ርቀት፦
ነፋስ፦ ሲቀነስ ሦስት።