ሰዓቷን ጠየቁኝ

አራት ኪሎ፣ ከደረጃው ሥር፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ወንበር፤
አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ማስረጃ አባዛ ነበር፤
የሰው ዲግሪ፣ የሰው ልደት፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ውክልና።
ዘንድሮ ግን የልጄ ወረቀት ከማሽኑ አፍ ወጣና
እጄን ፈጀኝ። ትኩስ ነው። ማህተሙ እንኳ በቅጡ አልደመቀም።
ትርሲት ትባላለች። አስራ ሁለተኛ ክፍል። መሮጥ እንጂ ማውራት አትወድም።

ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት በፍል ውሃ ቁልቁል ወርደን
መስቀል አደባባይ ስንደርስ፣ ብርዱ ጆሮ ጆሯችንን ነክሶን፣
እርከን ለእርከን ትሮጣለች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደሚነበብ ጽሑፍ፤
መስመሩን ጨርሳ ትዞራለች፣ ዝቅ ብላ ሌላ ረድፍ።
እኔ ስልኬን ጨብጬ ሰዓቷን እይዛለሁ፤
በሌላው እጄ የኬሚስትሪ ደብተሯን ገልጫለሁ፤
በዕረፍቷ ሁለት ደቂቃ፣ ካቆመችበት አነብላታለሁ፤
«ኤሌክትሮ…» ብዬ ስሰናከል እያለከለከች ታርመኛለች፤ እስቃለሁ።

ኮሌጅ ፍለጋ እንዲህ ነው፤ ማታ ሱቁን ዘግተን
ኮምፒውተሩ ፊት እንቀመጣለን፣ አንድ ወንበር ተካፍለን።
በቀኝ በኩል የሩጫ ቡድን፣ በግራ በኩል ቤተ ሙከራ፤
አንዱ ትራኩ ያብረቀርቃል፣ ትምህርቱ ግን ኪሳራ፤
ሌላው መጽሐፉ ጣራ ይነካል፣ ለሯጭ ግን ጊዜ የለውም፤
ሦስተኛው ሁለቱም አለው፣ የክፍያው ዜሮ ግን አያልቅም።

ቅጹ ላይ ሳጥን አለ፦ «የሦስት ሺህ ሜትር ሰዓትሽ»።
ሳጥን የለውም፦ «ስትሮጪ አየሩ ምን ያህል ሳሳብሽ?»
ከባሕር በላይ ሁለት ሺህ ከምናምን ሜትር ላይ
እዚህ የተሮጠ ደቂቃ፣ እዚያ ሲደርስ ያንሳል ወይ?
መምህር ወንዳፍራሽን ጠየቅኩት፤ ቀመር ጻፈልኝ በጠመኔ፤
ገለበጥኩት። ትንፋሿን ግን ቆሜ የምሰማው እኔ።

አሰልጣኝ ገረሱ ይቆጣል፦
«እግር ያልፋል፣ ደብተር ይቀራል፤ ስለዚህ አሁን ትሩጥ» አለኝ።
እሱ ለሩጫ የተናገረው፣ ለእኔ ለኮሌጅ ተሰማኝ።
እናቷ ብዙ አትናገርም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ናት ያለቻት፦
«ጉልበቷ አንድ ቀን እምቢ ቢል፣ የትኛው ነው የማያባርራት?»
ይህቺን ጥያቄ በትልቁ፣ በደማቅ ፊደል አትሜ
ማሽኑ ግንባር ላይ ለጠፍኳት፤ ስድስት ኮሌጅ ሰረዝኩ ቆሜ።

ከዚያ አንድ ሰው ከባሕር ማዶ «በሦስት ሰዓት በቪዲዮ» አለን፤
እሷን ከክፍል አስፈቅደን፣ በጠዋት ሱቅ ከፍተን ጠበቅን።
ሦስት ሰዓት። ሦስት ተኩል። አራት።
በፈረንጅ ሰዓት ኖሯል ለካ! ወደ ትምህርቷ ሸኘኋት።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጮኽ እሷ ገና አልወጣችም፤
ደወልኩላት። ከስድስት ኪሎ ተነስታ ታክሲ አልጠበቀችም።

ሰውየው «ሰዓቷ ስንት ነው?» አለኝ። ስልኬን ገልጬ አላነበብኩም፤
«ቦርሳ አዝላ፣ በዩኒፎርም፣ ከስድስት ኪሎ እስከዚህ፣ ሰባት ደቂቃ አልፈጀችም»
አልኩት በሰባራ እንግሊዝኛዬ፣ በሩን ገፍታ ስትገባ።
ሳቀ።
እሷ አልሳቀችም፤ ላቧን በእጅጌዋ ጠርጋ
«ቤተ መጻሕፍታችሁ» አለች፣ «ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋ?»
ቀጥላም የእናቷን ጥያቄ፣ ከማሽኑ ግንባር አንብባ፣
ቃል በቃል ተርጉማ ሰጠችው። ሳቁ ወደ ውስጥ ገባ።
ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ሽቦውን ነካካሁ፤
አልሄደም፤ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ብዕር ሲፈልግ አየሁ።

መልሱ ገና አልመጣም። ዛሬም አምሽተን ሱቁን ዘጋን፤
ሰባት ኮሌጅ ቀርቶናል። ነገ ሌሊት ደግሞ እንወርዳለን።
ቅጹ ላይ፣ ሰዓት በሚለው ሳጥን፣ ቁጥሯን ሞላሁላት፤
ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ «አዲስ አበባ፣ ሽቅብ» ብዬ ጨመርኩላት።