በእጁ አወቅሁት

ና ቁም፣ ሙርጆ፣ ና ቁም፤ ከረጢትህን ልሰር፤
የገዛ ቀለብህ ነው፣ አታጉረምርም በእግዜር።
የእኔን ሸክም ብታይ! ባትሪው የወፍጮ መጅ፣
ትከሻ ይቆርጣል ገና ሳንርቅ ከደጅ፤
ሃያ ሜትር ሽቦ፣ ድንኳን፣ የሻይ ጣሳ፣
ክብሪት፣ የእርሳስ ቁራጭ፣ መዝገቤን ሳልረሳ፤
ከሁሉ በታች ደግሞ፣ በሹራብ ጠቅልዬ፣
የናስ ሞርስ መምቻዬን እንደ እንቁላል አዝዬ።

አርባ ዓመት በባቡር፣ በጠባቡ ሐዲድ፣
ባንዲራ ሳነሳ፣ ሳሳልፍ፣ ሳስወርድ፣
ጡረታ ሲመጣ ጆሮዬ ብቻ ቀረ፤
እሱም ከሰው ወሬ ነጥብና ሰረዝ አፈቀረ።

ከባንስኮ በላይ ጥዱ እየሳሳ፣
መንገዱ ድንጋይ ሆነ፣ ድንጋዩም ተነሳ፤
አንተ ሮጠህ ቀድመህ፣ ደግሞም ተመልሰህ፣
አንዱን ተራራ ሦስቴ ወጥተህ ጨረስህ፤
እኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱንም በልመና፣
ጉልበቴን እያባበልኩ፣ “ደረስን” እያልኩ ገና።
የመጠለያው ጠባቂ፣ ያቺ ጽቬታና፣
ባቄላ ሾርባ ቀዳች፤ “ይዘንባል ዛሬ ገና፤
ደግሞ ለማን ልትደውል፣ ስልክ እያለ ኪስህ?”
“ለማላውቀው” አልኳት። ሳቀች፤ አጥንት ሰጠችህ።

ጫፍ ላይ ነፋስ ብቻ። ሽቦዬን ዘረጋሁ
ካንዱ ቋጥኝ ወዳንዱ፤ በድንጋይ አጸናሁ።
“ለሁሉም፣ ለሁሉም” ስል ሰማዩን ሳንኳኳ፣
ከተሰሎንቄ ጥርስ ነቃይ መለሰ ለካ፤
ከክሉዥ ተማሪ፣ ከኢዝሚር ዳቦ ጋጋሪ፣
ከዱቄት ባልጸዳ እጅ ሰላም ተናጋሪ።
“ሰባ ሦስት” ማለት በእኛ ቤት “ደህና ሁን” ነው፤
ቁጥር ቢመስልም ቅሉ ምርቃት ያዘለ ነው።

ሌሊት ብርዱ መጣ፣ በረዶ ቀላቅሎ፤
ባትሪ ብርድ አይወድም፣ ይሞታል ቶሎ ቶሎ፤
የመኝታ ከረጢቴ አንድ ትርፍ ቦታ አለው፤
ለባትሪው ነው ብል፣ ቀድመህ ገብተህ ሞላኸው።
እርጥብ ጠጉር ሸተተኝ፤ ባትሪውን አቀፍኩ፤
በሁለታችሁ መሃል ዓይኔ ፈጦ አረፍኩ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ። ዝናቡ ሲያባራ፣
ማዳመጫው ውስጥ ከሩቅ አንድ ድምፅ ሲጣራ፤
ጥሪው አዲስ ነው ለእኔ፤ ከቫርና፣ ከባሕር፤
ግን ያ ሦስተኛው ሰረዝ እንደ አንካሳ ሲያጥር፣
ልቤ ቀጥ አለ። ሰው ይለውጣል ስሙን፣
ፂሙን፣ ከተማውን፣ አንዳንዴም ሃይማኖቱን፤
የእጁን ምት አይለውጥም።
ስታመን ነው። ስታመን።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። በጭነት መኪና
ወደ ኋላ ሲመጣ፣ ሳያይ፣ በጧቱ ገና፣
ደጄ ላይ የተኛውን፣ የፊተኛውን ሙርጆ …
እዚህ ጋ አልገጥምም።

ኮፍያውን አውልቆ ሲቆም በሩን ዘጋሁበት፤
ክረምት ሄደ፣ ክረምት መጣ፤ ዝግ ሆኖ ቀረ ያ ቤት።
እሱ ወደ ባሕሩ፣ ልጁ ዘንድ ተሰደደ፤
የቂሜ እሳት ግን እኔው ላይ ነደደ።

“ሰማሁህ” መታሁለት፤ “ምልክትህ ደካማ፣
ግን ይነበባል።” ዝም። ከዚያ እንደሚያቅማማ፦
“አየሩስ?” “ዘንቦ አባርቷል።” “ብርድ?”
“አለ።” ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለት ደረቅ ግንድ።
“አጠገብህ ውሻ አለ?”
ጣቴ ናሱ ላይ ቀረች።
አንተ ታንኮራፋለህ፤ እግርህ በሕልም ሮጠች።
“አለ” ብዬ መታሁ። “ስሙስ?” አለኝ። ነገርኩት።
ስድስት ፊደል ብቻ፤ በጣም ቀስ ብዬ ላክሁት።

ባዶ አየር። ፉጨት። ባትሪው ነው ወይስ እሱ?
ምነው ባልነገርኩት፣ ምን ይሠራል መልሱ …
ከዚያ ከሩቅ መጣ፣ ቀስ እያለ እንደ ጠል፣
ያው የሚያነክስ ሰረዝ፦ “ደህና ይበላል?”
“ከእኔ ይበልጣል።”

“ሰባ ሦስት” አለኝ። “ሰባ ሦስት” አልኩት።
ይቅርታ የሚለውን ማናችንም አልመታነውም፤
በሞርስ ረጅም ነው፣ ባትሪ ይጨርሳል።

መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፦ ሰዓት፣ ሞገድ፣ ቫርና፤
አስተያየት በሚለው፦ “እጁ ያው ነው ገና።”

ሽቦው ተጠቅልሏል። ተው፣ ፍየሏን ተዋት!
ቁልቁለቱ ይብሳል፣ ጉልበቴን አትግፋት።
ጽቬታና ብትጠይቅ፣ “ያ የማታውቀው ሰው
መለሰልህ ወይ?” ብላ፣ ምን ብዬ ልመልሰው?
ሾርባ ካለ እንጠጣ። አጥንቱን አንተ ያዘው።