የሽምብራ ሒሳብ

በኅዳር ስንጀምር ማን ነበር የቻለን፣
ስድስቱን ጨዋታ ከአናት ቁጭ ብለን፤
ሌላው ሁሉ ከታች፣ እኛ ደግሞ ከላይ፣
ከጣርማ በር አፋፍ ቆላው እንደሚታይ።

እኔ ትጥቅ ያዥ ነኝ። ማልያ አጥባለሁ፤
የካልሲውን ጥንድ በየማታው እቆጥራለሁ።
ሠላሳ ስድስት ካልሲ፣ ስምንቱ የተጣፈ፣
አንድም ሳይጎድልብኝ ያ ወራት አለፈ።

ከዚያ ጥር መጣ።

ምን እንደነካት እንጃ ኳሷ መረብ ጠላች፤
ሸዋንግዛው ሲመታት ቋሚ ትስማለች።
አጣዬ ሁለት ገባን፣ ሸዋ ሮቢት ሦስት፣
መሐል ሜዳ በውርጭ አንድ፣ ያውም በስሕተት፦
ዘውገ በግንባሩ ለራሳችን አገባ፤
ሦስት ቀን ከቤት ወጥቶ ከሰው መሐል አልገባ።

ሰባት ጨዋታ። ሰባት እሑድ።

ደብረ ሲና ላይ ምክንያት ያጣ ሰው የለ፤
አንዱ “የአዲሱ ማልያ ቀለም ነው” አለ፤
ሌላው “ዓይን ነው፣ ጠበል ይረጭ ሜዳው”፤
ሌላው “የአሰልጣኙ ባርኔጣ ነው ጉዳው”።
ማንም ያላነሣውን እኔ ግን አውቃለሁ፤
የተቀደደ ጫማ በሲባጎ እሰፋለሁ።
ደመወዝ ከቀረ ሦስተኛ ወሩ ነው።
ቅዳሜ ማታ ሽሮ፣ እሑድ ጠዋት ዳቦ፣
አጥቂ እንዴት ይሮጣል ዘጠና ደቂቃ ተርቦ?

እማዋይሽ ግን ትስቃለች።
መናኸሪያው ጥግ ቆሎ ትሸጣለች፤
አውቶቡስ ሲቆም በስኒ ትሰፍራለች፣
አውቶቡስ ሲሄድ ሰፌዷን ዘርግታ ነጥብ ታሰላለች።
ሽምብራው ድል ነው፣ ገብሱ አቻ መውጣት፣
ያረረው ፍሬ ደግሞ፣ እንደምታዩት፣ ሽንፈት።
እዚህ ጥግ ደነባ፣ እዚህ እነዋሪ፣
ከላይ ዓለም ከተማ፣ የምድቡ መሪ፤
እኛ ከሰፌዱ ጠርዝ፣ ካረረው ጎን፣
ልንወድቅ ስንል ጣቷ መልሶን።

“አምስት ጨዋታ አለ፤ ሦስቱን ካሸነፋችሁ፣
ሮቢትም በውርጭ አገር ከወደቀላችሁ፣
አጣዬና ደነባ አቻ ከተለያዩ፣
ሁለተኛ ናችሁ! ማጠቃለያን እዩ!”

ይህን ስታሰላ በረኛው ጌጤነህ
አንዲት ሽምብራ ወደ አፉ። “ኧረ ሦስት ነጥብ በላህ!”
ከጥር ወዲህ ያኔ፣ የመጀመሪያው ሳቅ ማለት፣
ቡድኑ ሙሉ ሳቀ። ዘውገም ሳቀ፣ ያ ባለ ስሕተት።

እሑድ። ከእነዋሪ ጋር።
አሰልጣኙ ባርኔጣውን ቤቱ ትቶ መጥቷል።
ራሱን በርዶታል። ማንም ምንም አላለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭጋግ ከገደሉ ወጣ፤
እንደ ዘገየ ደጋፊ ያለ ትኬት መጣ።
መጀመሪያ ማዕዘኑን፣ ከዚያ ቀኝ ክንፉን ዋጠ፤
የመስመር ዳኛውም ከነባንዲራው ሰመጠ።
እነዋሪ ያገባው ሰማዩ ሳይዘጋ ነው፤
የእኛን ግን ማን አየው?
ድምፅ ብቻ ሰማን፦ ጫማ፣ ጭቃ፣ ትንፋሽ፣
“ልቀቃት! ልቀቃት!”፣ ከዚያ የመረብ ሽሽሽ።

ፊሽካ።

“ማን ነው ያገባው?” ዳኛው ወረቀት ይዞ ጠየቀ፤
ሸዋንግዛው ዘውገን አየ፣ ዘውገ ትከሻውን ሰበቀ።
አንድ ለአንድ። አንዲት ገብስ።
ድል አይደለም፤ ዳሩ ሽንፈትም አይደለ፤
ከእኛ ክምር መሐል አንድ ያላረረ አለ።

ማታ ማልያ አጠብኩ። በዚህ ጉም አይደርቅም።
የዘጠኝ ቁጥሩ ጅራት ተላጠ፣ ዜሮ መሰለ፤
ለሸዋንግዛው አልነግረውም።
የጌጤነህን ጓንት ገልብጬ ሳራግፍ፣
ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ከተጣፈው ስፌት አፍ፣
አንዲት ሽምብራ ወደቀች፤ ያልተነካች፣ ሙሉ።
ለካ አልበላትም ያን ቀን፣ በላ ቢሉትም ሁሉ።

ሰርቋት ይሁን፣ እሷ ሰጥታው ይሁን፣ አልጠይቅም።
በሚቀጥለው እሑድ ደነባ ነን።
ጓንቱ ምድጃ ዳር እስኪደርቅ በመዳፌ አቆየኋት፤
ከዚያ ወደ ቦታዋ፣ ወደ አውራ ጣቱ መለስኳት።