የጋኑ አንገት

በአላዛኒ ወንዝ ዳር፣ መስከረም ሲያበቃ፣
ወይኑ ሳይቆረጥ ይታጠባል ዕቃ።
ዕቃው ጋን ነው፤ ግን እንደ ሌላው አይቆም፣
ጉልቻ አይሻም፣ በጠጠር አይደገፍም፤
እስከ አፉ ድረስ በአፈር ተውጦ፣
ሰማዩን ያያል በአንድ ዓይን አንጋጦ።

ከአባቶቼ ጋን አንዱ የተለየ ነው፣
ለመሥዋዕት ወይን አያቴ የቀበረው።
ለሠርግ አይከፈት፣ አይቀዳ ለእንግዳ፤
አንድ ጽዋ ቢጎድል ይቆጠራል ዕዳ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ጋን ያጠበው
ኦኒሴ ነው፤ ትከሻው ልጅ የሚያህለው።
እጁን ሽቅብ ዘርግቶ፣ ትንፋሹን አውጥቶ፣
ይሰምጣል እንደ ክር በመርፌ ዓይን ገብቶ።
ታች ሆኖ ሲፍቅም ይዘምራል፣ ይስታል፤
ዝም ካለ፣ ላይ ያለው ሰው ይደነግጣል፤
የወይን እንፋሎት ሰው ያፍናልና፤
መዝሙሩ ለኛ ነው፦ «አለሁ፣ አለሁ ገና።»

እኔ ባድሪ ነኝ፤ የደብሩ መዘምራን መሪ፣
ድምፄ ወፍራም፣ ወርዶ ወርዶ ጉልላት ሰርሳሪ።
እሱ ዜማ ሲስት ከላይ እስቅ ነበር፣
«ባዶ ጋን ይጮኻል» ብዬም እቀልድ ነበር።

ዘንድሮ ኦኒሴ፣ ዳሌው ተሰብሮ፣ በአልጋው ላይ ዋለ።
አባ ኢላሪዮን ዞረው አዩንና፦ «ባድሪስ የት አለ?»
ሆዴን አሳየኋቸው። የጋኑን አንገት በስንዝር ለኩ፤
«እንግዲህ ቀንስ» አሉኝ፤ ሌላ አልሰበኩ።

ኮቴን አወለቅሁ፤ አልበቃም፤ ሰዓቴን፣ ቀበቶዬን፣
ከዚያም ከኪሴ መነጽርና ቦርሳዬን፤
በመጨረሻ ያንን፣ ከትብሊሲ በውድድር ያመጣሁትን፣
ሰው እንዲያይልኝ ብዬ ከደረቴ የማላወርደውን፣
የብር ሜዳሊያ።
የኦኒሴ የልጅ ልጅ፣ ናኑካ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
ተቀበለችኝ፣ ከለውዟ ጋር በአንድ እጅ።

ደረቴ ላይ ቀረሁ። ግማሽ ሰማይ፣ ግማሽ መቃብር።
እንደ ዘማሪ ወጉ፣ ሳንባዬ በአየር ተወጥሮ ነበር።
ናኑካ አጎነበሰች፣ ጆሮዬን በአፍንጫዋ ልትነካ፤
«ሞልተህ አትገባም እኮ» አለች፤ «አጎቴ፣ ተንፍስ፣ በቃ።»

ተነፈስሁ።
ወደቅሁ።

ታች ጨለማው ወይን ወይን፣ ኖራ ኖራ ይሸታል፤
የቼሪ ቅርፊት ብሩሼ ከግድግዳው ይፋጫል።
ዘመርሁ፣ እንደ ወጉ። ድምፄ ወጥቶ ጋኑን ሞላ፣
ተመልሶ እኔኑ አነቀኝ፣ መሄጃ አጥቶ ወደ ሌላ።
ከራሴ ወደ ራሴ፣ ከራሴ ወደ ራሴ፤
ስንት ዓመት እንዲህ እንደዘመርሁ ያን ጊዜ ገባት ነፍሴ።

ከዚያ ራሴ ከበደ። ጉልበቴ ራደ።
ድምፄ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ የኦኒሴን መሰለ፤
ዜማው ጠፋ፤ «አቤቱ ማረኝ» ብቻ ከከንፈሬ ተንጠለጠለ።
ቀና አልሁ። ሰማይ ክብ ሆኖ፣ አንዲት ጻሕል አህሎ፣
ሩቅ ነበር፤ የኔ ክንድ አይደርስም ተንጠራርቶ፣ ዘሎ።
ከመሃሉ ትንሽ እጅ፣ ከእጁም ገመድ ወረደ።
ያዝሁት። ምን አማራጭ ነበረኝ።

ሳቡኝ፣ አሥራ አንድ ሆነው፣ የምመራቸው ዘማሪዎች፣
እየሳቁ፣ እየተንተከተኩ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጆች።
አንገቱ ላይ ስደርስ ማንም ሳይነግረኝ ተነፈስሁ።

ማታ ኦኒሴ ዘንድ ሄድሁ። «ጠራ?» አለኝ፣ በአልጋው ሆኖ።
«እንጃ» አልሁት፤ «ጨለማ ነበር።» ዝም አለ፣ ጣራውን አተኩሮ።
«እኔም አንድ ቀን አላየሁትም» አለ። «ውሃው ነው የሚያውቀው።
ካልዘነበ አትክደነው።»

ሜዳሊያዬ እዚያው ቀረ፤
ናኑካ ለውዝ ትሰብርበታለች አሉ።
እኔ ሌሊት ተነስቼ በወይኑ ረድፍ መሃል ሄድሁ፣
ከጋኑ አፍ አጠገብ፣ እርጥቡ አፈር ላይ ተቀመጥሁ።
ክፍት ነበር። ኮከብ ይገባበታል።
ምንም አልዘመርሁ።