የአውራ ጣት ማህተም

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ አራዳ ገና ሳይነቃ፣
ፈንታሁን ካቴናዬን በባትሪ ፈትሾ ሲያበቃ፣
ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀደደና
በማስመሪያ አራት ሳጥን አሰመረና፦
"አምባ ጊዮርጊስ። ዳባት። ደባርቅ።
ስትመለሺ ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ፤ አንዱም እንዳይወድቅ።
ማህተም ያላረፈበት መንገድ
ወሬ እንጂ አይባልም መሄድ።
ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት
እዚሁ ደፍ ላይ ነኝ፤ ካለፈ፣ አልሄድሽም ማለት።"

ጉልበቱ ካመፀበት ሁለት ክረምት አለፈው፤
ይኼን መንገድ በወጣትነቱ እንደ ዳዊት ነው የደገመው።
አሁን የሚሄደው በኔ እግር፤
አልነገረኝም፤ ኮርቻዬን ሲያጠብቅ ሰማሁት መፍቻው ሲናገር።

ከከተማው እንደወጣሁ ዳገቱ አንገቱን አቀና፤
ማርሼ ሦስት ነው ይባላል፤ ሁለቱ ገቡ፣ ሦስተኛው አኮረፈና።
ጨለማ። የራሴ ትንፋሽ። ካቴናው ጥርሱን ሲቆጥር።
ዳገት ላይ ሰው የሚያስበው ትንሽ ነው፤ ስለ ውሃ፣ ስለ እግር።

ኮሶዬ ስደርስ ነጋ።
ገደሉን ጉም ሞልቶት፣ ነጭ ሆኖ ተዘረጋ።
ቆሜ ላየው ፈለግሁ፤ እግሬ ግን እንቢኝ አለ፣ አልቆምም፤
ዳገት መሃል የወረደ ዳግም ኮርቻ አይወጣም።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ወፍጮ ቤት። እንዬ እስከ ቅንድቧ ዱቄት፤
"ደግሞ የፈንታሁን እብደት!"
ብላ ሳቀች፤ እንደ ደረሰኝ ፈረመች፣ በፍጥነት።

ዳባት ላይ ባለ መድኃኒት ቤቱ ትዛዙ ማህተሙን እፍ ብሎ አሳረፈ፣
ቅባት በወረቀት ጠቅልሎ ጨመረልኝ፤ የት እንደ ቆሰልሁ ሳይጠይቅ አለፈ።

ከዚያ የወገራ ነፋስ፣
ገብሱን የሚያስተኛ፣ ሰውን ከኮርቻ የሚያፈልስ።
ተማሪዎች "ሴት ናት! ሴት ናት!" እያሉ ሲያጅቡኝ ግራ ቀኙን
አንዷ ዝም ብላ ሮጠች፣ ዓይኗ ፔዳሉ ላይ፣ እያጠናች አዟዟሩን።

ደባርቅ፣ እኩለ ቀን። ሦስተኛው ሳጥን ሞላ።
ከከተማው ጫፍ ሊማሊሞ ተጠምዝዞ ሲወርድ አየሁት፣ ወደ ቆላ።
"ነይ" አለኝ።
ቁልቁለት ምን ጊዜም ደግ ነው፣ ሲጠራ፤
ዕዳውን የሚያስከፍልሽ ስትመለሺ ነው፣ በየተራ።
"ሌላ ጊዜ" አልሁት።

ገደብዬ ላይ ጎማ ፈነዳ።
ቀዳዳውን በምራቅ ፈልጌ፣ ለጥፌ፣ ነፍቼ ስነሳ
ጀምበር ተራራው ላይ ቆማ ነበር፣ ልትሄድ እንዳለች እንግዳ።

አምባ ጊዮርጊስ ስገባ መብራት የለም፤ ወፍጮ ቤቱ ተቆልፏል፤
እንዬ ሄዳለች፤ አራተኛው ሳጥን አፉን ከፍቷል።
አንድ ዘበኛ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣
"ማንም የለም" አለኝ፣ በዱላው ተደግፎ ቀርቦ።
ነገርሁት፦ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ፈንታሁን ጉልበት።
"እኔ" አለ፣ "ፊደል አልቆጠርሁም፤ ምን ልጻፍበት?"

ዝም ተባባልን።

ከዚያ ጎንበስ አለና አውራ ጣቱን በካቴናዬ ዘይት አጠቆረ፣
ሳጥኑ መሃል ተጫነው፤ እስኪደርቅም እፍ እያለበት አደረ
እስኪመስለኝ ድረስ።
"ስሜ ቢያድግልኝ ነው፤ ለጠየቀሽ ንገሪ፤
ዳገቱን ጨርሰሻል፤ ፍሬንሽን እየያዝሽ ተወርወሪ።"

ቁልቁለቱ። ነፋሱ እንባዬን ወደ ጆሮዬ እየነዳ፣
የጅብ ዓይን ይሁን የአይሱዙ መብራት፣ የትኛውን እንደምፈራ ሳልረዳ፣
የጎንደር መብራት ከታች፣ እንደ ተበተነ ጥሬ።

ሦስት ሰዓት ከአሥራ አንድ።

ፈንታሁን ደፉ ላይ ነበር፤ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ
ቀድሞ ኪሱ ከትቶ።
ወረቀቱን ወደ ባትሪው አስጠጋ።
ፊርማ፤ ማህተም፤ ማህተም። አራተኛው ላይ ቆመ።
አሸተተው።
"ይኼስ የማን ነው?" አለ። ነገርሁት።
የራሱን አውራ ጣት አጠገቡ አኖረ፤
ሠላሳ ዓመት ሳሙና ያልፈታው ጥቁር፣ ከዛሬው ጥቁር ጋር መሳ ለመሳ አደረ።
ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ፤ እኔ ልወስደው ነበር።

"ካቴናሽ ደርቋል" አለኝ፤ "ነገ ይዘሽልኝ ነይ።"